ሽቦው ባለቀበት ሐዲድ ላይ ባትሪ ያዋጣል?

በሰሜን ጀርመን ኪል እና ሉቤክ የሚባሉ ሁለት የወደብ ከተሞች አሉ። የኪል ባቡር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1995፣ የሉቤክ ደግሞ በ2008 የኤሌክትሪክ ሽቦ ደርሷቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 81 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ ግን እስካሁን ሽቦ አልተዘረጋበትም። በዚህም ምክንያት ከኪል ጣቢያ፣ ከሽቦ ሥር የሚነሳው የመንገደኞች ባቡር ለዓመታት ናፍጣ እያቃጠለ ተጉዞ፣ ሉቤክ ሲደርስ እንደገና ከሽቦ ሥር ይቆም ነበር። በመነሻውም በመድረሻውም ኤሌክትሪክ እያለ መንገዱን የሚሸፍነው ናፍጣ ነበር ማለት ነው።

ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ይህ ተለውጧል። አሁን በመስመሩ ላይ የሚሠራው ባቡር በጣቢያው ከሽቦው ኃይል እየሳበ ባትሪውን ይሞላል፣ ሽቦው ሲያልቅ በባትሪው ይጓዛል፣ ማዶ ሲደርስ እንደገና ከሽቦው ጋር ይገናኛል። ኪልና ሉቤክ የሚገኙባት የሽሌስቪግ-ሆልስታይን ክፍለ ግዛት የሕዝብ ትራንስፖርት ድርጅት በ2019 ከስዊዘርላንዱ ስታድለር ኩባንያ 55 ባቡሮች አዝዟል። ውሉ የ30 ዓመት ጥገናን ጨምሮ ወደ 600 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ነው። በጀርመን በአንድ ጊዜ ይህን ያህል የባትሪ ባቡር ያዘዘ ክፍለ ግዛት ከዚያ በፊት አልነበረም። የክፍለ ግዛቲቱ የባቡር መስመር አንድ ሦስተኛ ገደማው ብቻ ሽቦ ያለው በመሆኑ ውሳኔው ቀላል ውርርድ አይደለም። ካዋጣ በዓመት ወደ 10 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ናፍጣ ይቀራል ተብሎ ተሰልቷል። ካላዋጣ ግን ግብር ከፋዩ ለ30 ዓመት የታሰረበት ውል ነው።

ለመሆኑ ይህ ባቡር የሚያዋጣው የትና መቼ ነው? ጥያቄው የጀርመን ብቻ አይደለም። በከፊል ሽቦ የተዘረጋበት፣ በከፊል ደግሞ ያልተዘረጋበት የባቡር መስመር ያላቸው አገሮች ሁሉ ያው ስሌት ከፊታቸው ተደቅኗል። ጀርመን ራሷ ከባቡር መስመሯ ሽቦ ያለው ከ60 በመቶ ጥቂት ከፍ ያለው ነው።

እንዴት ይሠራል?

የባትሪ ባቡር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ባትሪ የተጫነበትና ማታ ማታ ጋራዥ ገብቶ የሚሞላ ነገር ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ባቡሩ በመሠረቱ ተራ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ጣሪያው ላይ ሽቦውን የሚነካ ፓንቶግራፍ የሚባል ክንድ አለው፣ የሽቦውን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር አለው፣ መንኮራኩሩን የሚያዞር የኤሌክትሪክ ሞተር አለው። በዚህ ላይ የተጨመረው ባትሪው ብቻ ነው። ሽቦ ባለበት መንገድ ባቡሩ እየሄደም ቆሞም ባትሪውን ይሞላል። ሽቦው ሲያልቅ ክንዱን አጥፎ በባትሪው ይቀጥላል። ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ሞተሩ ወደ ጄነሬተርነት ተለውጦ፣ በናፍጣ ባቡር ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክነውን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል። በየአምስትና በየአሥር ደቂቃው ጣቢያ ላይ ለሚቆም የክፍለ ሀገር ባቡር ይህ የሚናቅ ጥቅም አይደለም።

ሐሳቡም አዲስ አይደለም። ጀርመኖች ከ1907 ጀምሮ በእርሳስ ባትሪ የሚሄዱ ባቡሮች ነበሯቸው። ከ1950ዎቹ ጀምሮም ከ200 በላይ ሠርተው እስከ 1995 ድረስ መንገደኛ አጓጉዘውባቸዋል። የእርሳስ ባትሪ ግን ከባድ ነው፣ ለመሞላትም ረጅም ሰዓት ይፈልጋል። ነገሩን የለወጠው የሊቲየም ባትሪ በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ኃይል መቀበል መቻሉ ነው።

በዚህ ረገድ ቀድማ የተንቀሳቀሰችው ጃፓን ናት። በቶቺጊ አውራጃ ከኡትሱኖሚያ ከተማ የሚነሳው ባቡር እስከ ሆሻኩጂ ጣቢያ ሽቦ አለው፣ ከዚያ እስከ ካራሱያማ ያለው 20.4 ኪሎ ሜትር ግን የለውም። የምሥራቅ ጃፓን ባቡር ኩባንያ በማርች 2014 በዚህ መስመር ላይ ሁለት ፉርጎ ያለው፣ 190 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ባትሪ የተገጠመለት ባቡር አሰማራ። በመጨረሻው ጣቢያ በካራሱያማ ባቡሩ ቆሞ የሚሞላበት አጭር ሽቦ ብቻ ተሠራ። ሥራው ስለተሳካ በ2017 የመስመሩ የናፍጣ ባቡሮች በሙሉ ወጡ። የካራሱያማው መስመር ትንሽ ነው፣ ያሳየው ነገር ግን ትልቅ ነው። ሃያ ኪሎ ሜትር ሽቦ ከመዘርጋት ይልቅ ጣቢያው ላይ ብቻ ሽቦ መትከል እንደሚበቃ አሳይቷል።

ሽቦ ለሐዲድ፣ ባትሪ ለባቡር

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሽቦ የሚከፈልበት በሐዲዱ ርዝመት ልክ ነው። በቀን ሁለት ባቡር ቢያልፍም ሁለት መቶ ባቡር ቢያልፍም ምሰሶው፣ ሽቦውና የኃይል ማከፋፈያው ዋጋቸው ብዙም አይለወጥም። ባትሪ የሚከፈልበት ግን በባቡሩ ቁጥር ልክ ነው። አምስት ባቡር አምስት የባትሪ ዋጋ፣ አምሳ ባቡር አምሳ የባትሪ ዋጋ ይጠይቃል። ስለዚህ ረጅም ሐዲድ ሆኖ ጥቂት ባቡር ሲመላለስበት ባትሪው ያዋጣል። አጭር ሐዲድ ሆኖ ብዙ ባቡር ሲርመሰመስበት ደግሞ ሽቦው ያዋጣል።

ለግልጽነት ያህል በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ እንጂ የየትኛውም ፕሮጀክት ዋጋ አይደሉም። ሽቦ የሌለው 60 ኪሎ ሜትር ሐዲድ አለ እንበል። ሽቦ ለመዘርጋት በኪሎ ሜትር 2 ሚሊዮን ዩሮ ቢወስድ ጠቅላላው 120 ሚሊዮን ዩሮ ይሆናል። በሌላ በኩል ለእያንዳንዱ ባቡር የሚጨመረው ባትሪ 2 ሚሊዮን፣ ከዓመታት በኋላ ባትሪውን መለወጫ ደግሞ 1 ሚሊዮን ዩሮ ይሁን። መሙያ ጣቢያዎች በድምሩ 20 ሚሊዮን ይውሰዱ። መስመሩ ስምንት ባቡር ብቻ የሚፈልግ ከሆነ የባትሪው ወጪ 24 ሚሊዮን፣ ከመሙያው ጋር 44 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ከሽቦው ከግማሽ በታች ማለት ነው። መስመሩ አርባ ባቡር የሚፈልግ ከሆነ ግን የባትሪው ወጪ 120 ሚሊዮን ይደርሳል፣ ከመሙያው ጋር 140 ሚሊዮን ይሆንና ሽቦው ረከሰ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። ገዢው በመጀመሪያ ማወቅ ያለበት የእሱ መስመር ከሚዛኑ በየትኛው ወገን እንዳለ ነው።

ከዚህም ሌላ ሽቦ የመዘርጋት ሥራ በታሰበው ዋጋ አለማለቁ የተለመደ ነው። ድሮ የተሠራ ድልድይ ዝቅ ያለ ከሆነ ለሽቦው ቦታ ስለሚያንስ ይፈርሳል ወይም ሐዲዱ ይቆፈራል። ዋሻም እንዲሁ። በብሪታንያ ከለንደን ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ታላቁን መስመር በኤሌክትሪክ ለማድረግ በ2013 የተገመተው 874 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። በ2016 የአገሪቱ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ባወጣው ሪፖርት ግምቱ 2.8 ቢሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር። በ2017 መንግሥት ከካርዲፍ እስከ ስዋንዚ ያለውን ክፍል ሽቦ የመዘርጋቱን ዕቅድ ጨርሶ ሰረዘው።

ያችው ካርዲፍ ከዚያ የተማረች ይመስላል። ከከተማዋ ወደ ሰሜን ወደ ሸለቆዎቹ የሚወጡት የባቡር መስመሮች በአዲስ መልክ ሲሠሩ፣ ሽቦው ቀላል በሆነው ቦታ እየተዘረጋ፣ አስቸጋሪ ድልድይ ባለበት ኃይል ሳይኖረው እንዲያልፍ ተደርጓል። ያንን ክፍተት ባቡሩ በባትሪው ይሻገረዋል። ለዚህ የተሠሩት ባቡሮች ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ ናቸው። እንዲህ ባለው መስመር ባትሪው ሽቦውን አይተካውም። ውድ የሆነውን ውድ ቦታ ብቻ ያስቀራል።

የደቂቃው ሒሳብ

የባትሪ ባቡር ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚያስቀድሙት የርቀት ቁጥር ነው። ለሽሌስቪግ-ሆልስታይን የተሠራው የስታድለር ባቡር ዓይነት በዲሴምበር 2021 አንዴ በተሞላ ባትሪ 224 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በዓለም ክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍሯል። ኩባንያው ራሱ ለሥራ የሚሰጠው ቁጥር ግን 150 ኪሎ ሜትር ነው። ሲመንስ ለባደን-ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት የሠራቸውና በኤፕሪል 2024 በኦርተናው አካባቢ ሥራ የጀመሩት 27 ባቡሮች ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲሄዱ ታስበው የተገዙ ናቸው። ክብረ ወሰን ሌላ፣ የዕለት ተዕለት ፕሮግራም ሌላ ነው። በክረምት ብርድ ፉርጎው መሞቅ አለበት፣ ዳገት ይኖራል፣ ባትሪውም እያረጀ ሲሄድ የሚይዘው ይቀንሳል።

እንዲያውም ከርቀቱ ይልቅ ወሳኙ ባቡሩ ከሽቦ ሥር የሚያሳልፈው ደቂቃ ነው። በጀርመን የባቡሩ ሽቦ 15 ሺህ ቮልት ይይዛል። ባቡሩ ቆሞ ሲሞላ ፓንቶግራፉና ሽቦው የሚነካኩባት አንዲት ነጥብ ከመጠን በላይ እንዳትግል የሚስበው ኃይል በ80 አምፔር ተወስኗል። ይህም 1.2 ሜጋ ዋት ማለት ነው። ባቡሩ አሥር ደቂቃ ቢቆም ቢበዛ 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ያገኛል። አሁንም ለምሳሌ ያህል ባቡሩ በኪሎ ሜትር 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል ብንል፣ የአሥር ደቂቃው ቆይታ የሚያስኬደው 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቀጣዩ ሽቦ ያለው 80 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ ባቡሩ 20 ደቂቃ መቆም ወይም ከመነሳቱ በፊት የተወሰነ መንገድ ከሽቦ ሥር መሄድ ይኖርበታል። ባቡሩ በሚሄድበት ጊዜ የመነካኪያዋ ነጥብ ስለምትንቀሳቀስ ከቆመበት የበለጠ ኃይል ሊስብ ይችላል።

ይህ ሒሳብ ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛ፣ የመዘግየት ጣጣ ነው። የናፍጣ ባቡር ሰባት ደቂቃ ዘግይቶ ቢደርስ በመጨረሻው ጣቢያ የሚቆምበትን ጊዜ አሳጥሮ ወዲያው ይመለሳል። የባትሪ ባቡር ግን ያችን ጊዜ ለመሙያ ይፈልጋታል። ስለዚህ ወይ ፕሮግራሙ ላይ ትርፍ ደቂቃ ይያዛል፣ ወይ አንድ ተጨማሪ ባቡር ይገዛል። ሁለቱም ገንዘብ ናቸው። ሁለተኛ፣ መሙያው የሚሠራበት ቦታ ነው። በሽሌስቪግ-ሆልስታይን ከዋናው ሽቦ በራቁት በሃይደ፣ በሁዙም እና በቶኒንግ ጣቢያዎች ለብቻቸው የቆሙ አጫጭር ሽቦዎች እንዲተከሉ የተደረገው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ባቡር ሲሞላ ለጥቂት ደቂቃ ከአካባቢው የኃይል መስመር የፋብሪካ ያህል ይስባል። ስለዚህ ጣቢያ ሲመረጥ የባቡሩ ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ኤሌክትሪክ መሸከም መቻሉም ይታያል። ባቡሩ ደርሶ መሙያው ካልደረሰ ባቡሩ የቆመ ንብረት ነው። በሽሌስቪግ-ሆልስታይን አገልግሎቱ በ2022 መጨረሻ እንዲጀመር ታስቦ የነበረ ቢሆንም የጀመረው በቀጣዩ ዓመት ኦክቶበር ላይ ነው።

ሃይድሮጂኑ ለምን ወደኋላ ቀረ?

ናፍጣን ለመተካት ሌላም ተወዳዳሪ ነበር። ሃይድሮጂን ጋዝ ተጭኖ በባቡሩ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያመርት ባቡር። የፈረንሳዩ አልስቶም ኩባንያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባቡሮች በ2018 በጀርመን ኒደርዛክሰን ክፍለ ግዛት ሥራ አስጀመረ፣ በ2022 ደግሞ በዚያው 14 ባቡሮች የሚሰማሩበት መስመር ተከፈተ። ባቡሩ እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል መባሉ ብዙዎችን አስደንቆ ነበር።

ይሁን እንጂ ያው የክፍለ ግዛቱ ድርጅት በ2023 ከዚያ በኋላ የሚገዛው የባትሪ ባቡር እንደሚሆን አስታወቀ። ምክንያቱም በሥራ ላይ የባትሪው ወጪ ዝቅ የሚል ሆኖ መገኘቱ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2022 የባደን-ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ያስጠናው ጥናት የሃይድሮጂን ባቡር ወጪ በ30 ዓመት ውስጥ ከሌሎቹ አማራጮች እስከ 80 በመቶ ሊበልጥ እንደሚችል አመልክቷል። ምስጢሩ ከኃይሉ ጉዞ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ሃይድሮጂን ሆኖ፣ ተጨምቆ፣ ተጓጉዞ፣ ባቡሩ ላይ ተመልሶ ኤሌክትሪክ እስኪሆን ድረስ ከግማሽ በላዩ በመንገድ ይቀራል። ከሽቦ ወደ ባትሪ፣ ከባትሪ ወደ ሞተር ሲሄድ ግን የሚባክነው ጥቂት ነው። ብዙ ደላላ እጅ ያለፈ ሸቀጥ ገበያ ሲደርስ እንደሚወደደው ማለት ነው።

ሃይድሮጂኑ የሚያሸንፈው ሽቦ እጅግ በሚርቅበት፣ ቆሞ ለመሙላትም ጊዜ በሌለበት መስመር ላይ ነው። በመካከለኛው አውሮፓ እንዲህ ያለው መስመር ጥቂት ነው።

የባትሪው ዕድሜና የውሉ ዕድሜ

አንድ ባቡር 30 ዓመት ይሠራል። ባትሪው ግን ከ10 እስከ 15 ዓመት ገደማ አገልግሎ ይለወጣል። ስለዚህ ባቡሩን የገዛ ሰው ባትሪ ሁለት ጊዜ፣ ምናልባትም ሦስት ጊዜ ይገዛል። ሁለተኛውን የሚገዛው ከአሥር ዓመት በኋላ በሚኖረው ዋጋ ነው። ዋጋው ሊወርድ ይችላል፣ ያ ዓይነት ባትሪ ከገበያ ሊጠፋም ይችላል። የባትሪው ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። ሲመንስ በባቡሮቹ ላይ የገጠመው ሊቲየም ታይታኔት የሚባለው ዓይነት በክብደቱ ልክ የሚይዘው ኃይል ያነሰ፣ ዋጋውም የከበደ ነው። በአንፃሩ ቶሎ ቶሎ መሞላትን ይችላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። በቀን ብዙ ጊዜ ለሚሞላ ባቡር በርካሽ የተገዛ ባትሪ ውሎ አድሮ ውድ ሊሆን ይችላል።

ሽሌስቪግ-ሆልስታይን ይህን አደጋ የተከላከለችው በጨረታው አሠራር ነው። ጨረታው ሲወጣ ቴክኖሎጂው ይህ ይሁን ተብሎ አልተወሰነም። ባቡሩን ከ30 ዓመት ጥገናና ከሚፈጀው ኃይል ጋር አስልቶ ማን ይረክሳል ተብሎ ነው የተጠየቀው። ስታድለርም ሬንድስቡርግ በምትባል ከተማ የጥገና ጣቢያ ይዞ ባቡሮቹ ሁልጊዜ ለሥራ ዝግጁ እንዲሆኑ ኃላፊነቱን ወስዷል። ባትሪው ቶሎ ቢደክም ጉዳቱ በመጀመሪያ የሚያርፈው በሻጩ ላይ ነው። ይህ ግን በነፃ አልመጣም። ሻጩ የተሸከመውን አደጋ ውሉ ዋጋ ላይ ጨምሮታል።

ለባቡር አከራዮችና ለገንዘብ አበዳሪዎች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ውሉ ሲያልቅ ንብረቱ ማን ይፈልገዋል? በዚህ በኩል የባትሪ ባቡር ይሻላል። ነገ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሽቦ ቢዘረጋበት ባቡሩ ባትሪውን አውርዶ እንደ ተራ የኤሌክትሪክ ባቡር መሥራት ይችላል። የሃይድሮጂን ባቡር ግን የጋዝ መሙያ በሌለበት ቦታ ገዢ አያገኝም።

የማያዋጣበት ቦታ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ባትሪ ለሁሉም መስመር መድኃኒት አይደለም። ከባድ የጭነት ባቡር በረጅም ርቀት ለመጎተት የሚያስፈልገው ባትሪ ራሱ ጭነት ይሆናል። ባቡር በየአምስት ደቂቃው በሚመላለስበት የከተማ መስመር ላይ ደግሞ ሽቦው ቀድሞ ያሸንፋል። ሙሉ ለሙሉ ሽቦ በተዘረጋበት መስመር ላይ ባትሪ ትርፍ ወጪ ነው። ከሰበታ ወደ ጂቡቲ የሚሄደውና በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኢትዮጵያ የባቡር መስመር ከዚህ የሚመደብ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሽቦ ስላለው ይህ ስሌት እሱን አይመለከተውም።

ስሌቱ ራሱ ግን ለአዲስ አበባ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና አስመጪውም ገዢውም የሚያነሱት ያንኑ ጥያቄ ነው። የት ይሞላል? ስንት ደቂቃ ይቆማል? ባትሪው ሲደክም ማን ይከፍላል? በባቡሩ ላይ ጥያቄው በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ስለሆነ ጎልቶ ታየ እንጂ መልኩ አልተለወጠም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መልሱ የሚፈለገው ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው።

ኪልና ሉቤክ መልሳቸውን አግኝተዋል። በሁለቱም ጫፍ ሽቦ አለ፣ መካከሉ 81 ኪሎ ሜትር ነው፣ ባቡሩ 150 ይሄዳል፣ የሚመላለሰው ባቡርም ሽቦ ለማዘርጋት የሚበቃ ብዛት የለውም። አራቱም ቁጥሮች ወደ አንድ ወገን ያመለክታሉ። ከአራቱ አንዱ ቢለወጥ፣ ለምሳሌ መንገደኛው በዝቶ ባቡሩ በየሩብ ሰዓቱ መሄድ ቢያስፈልገው፣ መልሱም ይለወጣል። ስለዚህ ባትሪ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ከማለት በፊት ሐዲዱ ምን ያህል ነው፣ ባቡሩስ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።